ከዋቅላሚ የሚገኝ ቀለም

የኮሸር የምግብ ሕግን ለሚጠብቅ የሰፈራችን፣ የክፋር አቭራሃም፣ ቤተሰብ የከረሜላ ቀለም ከምን እንደተሠራ ማወቅ ግድ ነው። ካርሚን የሚባለው ቀይ ከነፍሳት ስለሚወጣ አብዛኞቹ ረቢዎች አይፈቅዱትም። ከደቂቅ ዋቅላሚዎች፣ ማለትም ከማይክሮአልጌ፣ የሚገኘውን ቀለም ማወቅ ለእኛ ሰፈርም የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

እስራኤል በዚህ ሥራ ቀደምት ናት። የዋይዝማን ኢንስቲትዩቱ መርዶኻይ አቭሮንና ተመራማሪው አሚ ቤን-አሞጽ በሰሜን ሲና ባለው ባርዳዊል ስም የተጠራችውን ዱናሊየላ የተባለች ዋቅላሚ አጥንተዋል። ፀሐይ ሲበረታባትና ናይትሮጅን ሲያጥራት ራሷን ለመከላከል ቤታካሮቲን የተባለውን ቀለም ታከማቻለች፤ መጠኑ ከደረቅ ክብደቷ እስከ 10 በመቶ ይደርሳል። ኤይላት ውስጥ በሰፋፊ ገንዳዎች ተመርታለች። በአረባ በረሃ፣ ኪቡጽ ኬቱራ፣ ደግሞ ሄማቶኮከስ የተባለ ሌላ ዋቅላሚ በመስታወት ቱቦዎች ይለማል። መጀመሪያ በደንብ ይመገባል፤ አረንጓዴ ሆኖ ይባዛል። ከዚያ ምግቡ ተቀንሶ ለኃይለኛ ብርሃን ሲጋለጥ ይቀላል። ቀዩ አስታዛንቲን ነው። የሙያው ዋና ጥበብ፣ በእኔ እምነት፣ የማስጨነቂያውን ሰዓት ማወቅ ነው፤ ቀድመው ካስጨነቁት አይባዛም፣ ካላስጨነቁት ቀለም አይሰጥም።

ሰማያዊው ይለያል። ፊኮሲያኒን የሚወጣው ከስፒሩሊና ነው፤ በሳይንስ አከፋፈል ባክቴሪያ ብትሆንም ከዋቅላሚ ተርታ ትጠራለች። ቀለሙ ከፕሮቲን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሙቀት ያበላሸዋል፤ ከሚፈላ ነገር ይልቅ ለአይስክሬም ይስማማል። አሜሪካ በ2013 የስፒሩሊናን ቀለም ለከረሜላና ለማስቲካ ፈቅዳለች።

ስፒሩሊና ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለችም። በቢሾፍቱ አካባቢ አረንጓዴ ሐይቅ፣ በሻላ አጠገብ ደግሞ ጪቱ ሐይቅ መኖሪያዎቿ ናቸው። ሶዳ የበዛበት ውሃ ሌሎች ዋቅላሚዎችን ሲያስቸግር እሷን ያፋፋታል። ታሊንግና ባልደረቦቹ በ1973 ያሳተሙት ጥናት አረንጓዴና ቂሎሌ ሐይቆች በፎቶሲንተሲስ ምርት ከዓለም እጅግ ከፍተኛ ደረጃ ላይ እንደነበሩ አሳይቷል። የጪቱ ፍላሚንጎዎችም ሮዝ ቀለማቸውን የሚያገኙት ከሚመገቧት ስፒሩሊና ነው። ቂሎሌ ግን በ1980ዎቹ መጨረሻ የሞጆ ወንዝ ተጠልፎ ሲገባበት ሶዳው ቀጠነ፤ ስፒሩሊናም ጠፋች። ይህ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ከአረንጓዴና ከጪቱ መወሰድ ያለበት ዘሩ ብቻ ነው። እርባታው በገንዳ፣ ሶዳው እየተመዘነ ይሁን። ከሐይቅ በቀጥታ በተቀዳ ምርት ውስጥ መርዝ የሚያመነጩ ሌሎች ዝርያዎች ሊቀላቀሉ ይችላሉ፤ ፍላሚንጎዎቹም ቀለባቸውን ያጣሉ።