“ተላከ” ማለት ደረሰ ማለት አይደለም፦ የኢሜይል ፕሮግራም መጻፍ ለሚማሩ

የወረዳ የግብርና ባለሙያ የአንበጣ መንጋ መታየቱን በኢሜይል ሲያሳውቅ የኢንተርኔት መሥመሩ መሐል ላይ ቢቋረጥ፣ ሪፖርቱን ከመጥፋት የሚያድነው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ጥንቃቄ ነው።

ኢሜይል የሚላከው ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1982 በጽሑፍ ባሰፈረው፣ ኤስ ኤም ቲ ፒ በተሰኘ ሥርዓት ነው። ፕሮግራሙ ራሱን ያስተዋውቃል፤ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ይሰጣል፤ ከዚያም ጽሑፉን ያስረክባል። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ባለሦስት አኃዝ ቁጥር ይመልሳል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ የሚመጣው 250 ሰርቨሩ መልእክቱን ተረከበ ማለት እንጂ ተቀባዩ አነበበው ማለት አይደለም። በ4 የሚጀምር ቁጥር ችግሩ ጊዜያዊ መሆኑን ስለሚያመለክት፣ ፕሮግራሙ መልእክቱን ይዞ ቆይቶ እንደገና ሊሞክር ይገባል፤ በ5 የሚጀምረው ግን ያንኑ መልሶ መላክ ዋጋ እንደሌለው ያሳያልና ለላኪው መነገር አለበት። ምላሽ ሳይመጣ መሥመሩ ከተቋረጠም እንዳልተላከ መቁጠር ይሻላል፤ የአንበጣ ሪፖርት ከሚጠፋ ሁለት ጊዜ ቢደርስ ይመረጣል።

ለመቀበል ሌላ ሥርዓት ያስፈልጋል። ፖፕ 3 አብዛኛውን ጊዜ መልእክቱን አውርዶ ከሰርቨሩ ያጠፋል፤ አይማፕ ግን እዚያው ስለሚያቆየው በቢሮ ኮምፒውተርም በስልክም ይነበባል። ፓይተን ለሦስቱም የተዘጋጁ ሞጁሎች አሉት፤ ልምምዱን ወደ ራስ አድራሻ በመላክ መጀመር ይበጃል።