ቡሹን ከዘንጉ የሚለየው ቀጭን ቢላ

ላሊበላ ውስጥ የወፍጮ ቡሽ ሲበላ ባለ ወፍጮው መለዋወጫ ፍለጋ በጋሸና አድርጎ እስከ ወልድያ ሊወርድ ይችላል። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ቶርኖ ያለው ሰው ግን ቡሹን ከነሐስ ዘንግ እዚያው ሊያወጣለት ይችላል። ውጭውን መላጥና ውስጡን መሰርሰር ብዙም አያስቸግርም። ጭንቁ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ የተሠራውን ከዘንጉ ቆርጦ መለየት ሲያስፈልግ ነው።

ለዚህ የሚውለው መቁረጫ ቢላ በትንንሽ ቶርኖ ላይ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። የሚገባው በግራና በቀኝ ብረት ባለበት ጠባብ ቦይ ውስጥ ስለሆነ ፍቅፋቂው መውጫ ያጣል፤ ሙቀቱም እዚያው ይታፈናል። አንድ ነገር ከላላ ቢላው ይንቀጠቀጣል፣ ይነክሳል፣ ይሰበራል።

በ1895 ዓ.ም. ባቡር በደረሰባት ድሬዳዋ፣ በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ያሉት ትልልቅ ቶርኖዎች በክብደታቸው ብቻ ብዙ ንዝረት ይውጣሉ። ትንሿ ቶርኖ ይህ አቅም የላትም። ጉድለቷን የሚሞላላት የባለሙያው አስተሳሰር ነው።

ቢላው ሁለት ዓይነት ነው። የኤችኤስኤስ ብረት ቢላ ሲደንዝ ሞላ ላይ ይሳላል። ጫፉ የሚቀየረው የካርባይድ ቢላ ሙቀት ይችላል፤ ነገር ግን ንዝረት ሲያገኘው ቶሎ ይሸረፋል፣ በተሸረፈ ቁጥርም አዲስ ጫፍ መግዛት ግድ ነው። መለዋወጫ ከሩቅ ለሚመጣበት የላሊበላ ሰው የመጀመሪያው ይሻላል። ለናስና ለነሐስ ላዩ ጠፍጣፋ ሆኖ ቢሳል አይነክስም።

ቢላው ከመያዣው የሚወጣው ለቁርጡ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። ዘንጉን በትክክል በ90 ዲግሪ ይገጥማል፤ ካልሆነ ጎኑ ቦዩን ይፈትጋል። ጫፉ ከዘንጉ መሐል ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይዋል፦ ከፍ ካለ ሳይቆርጥ ያሻሻል፣ ዝቅ ካለ ዘንጉ ቢላው ላይ ይወጣበታል። የሚቆረጠው ቦታ ዘንጉን ጨብጦ ለሚያዞረው ቸክ የቀረበ ይሁን፤ ቢላውን የተሸከመው ጋሪም በብሎን ይታሰር።

25 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው ለስላሳ ብረት በኤችኤስኤስ ቢላ በደቂቃ 200 ዙር ገደማ ጥሩ መነሻ ነው። ብረት ዘይት ይፈልጋል፣ አሉሚኒየም ነጭ ጋዝ ይበቃዋል፣ ናስ ግን ደረቁን ይቆረጣል።

ማሽኑ ሲጮህ ጀማሪ እጁን ይሰበስባል። በዚህ ጊዜ ቢላው መቁረጡን ትቶ ማሸት ይጀምራል፣ ጩኸቱም ይብሳል። የሚበጀው ዙሩን ቀንሶ ቢላውን ሳያቋርጡ፣ በእኩል ግፊት ማስገባት ነው። ቁርጡ ሲጠልቅ ቢላውን አውጥቶ ቦዩን በጥቂቱ ማስፋት ለፍቅፋቂው መንገድ ይከፍትለታል።

ቡሹ ሊለይ ሲል በእጅ አይያዝም፤ ከሥር ወዳለው ሳህን ይውደቅ። የደጋው ብርድ ጋቢ ቢያስደርብም ጋቢም፣ ነጠላም፣ ጓንትም ከሚዞር ቸክ ይራቁ። ቁርጡ ሙሉ በሙሉ ቀጥ ብሎ ስለማይወጣ ቡሹ ሲለይ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ትርፍ ይተውለታል። ኋላ ተገልብጦ ይታሰርና ፊቱ ተልጦ ወደ ልኩ ይመጣል።