ነርሷ ለምን ታስጠብቃለች?

ኮሮና አገራችን የገባው መጋቢት 2012 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ክትባት የደረሰው ግን ከዓመት በኋላ፣ የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። ስሙ አስትራዜኒካ ይባላል። የመጣው ወደ 2.2 ሚሊዮን መርፌ ነው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይከተብ ነበር፤ እንግዲህ ለ1.1 ሚሊዮን ሰው መሆኑ ነው። ሕዝቡ ግን ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው! ስለዚህ ቅድሚያ ለጤና ሠራተኞች፣ ቀጥሎ ለሽማግሌዎችና ለሕመምተኞች ተባለ።

ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ሙቀቱ አለ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ካልቆየ ይበላሻል። የኛን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፤ ወተት እንኳ አያሳድርም። ወደ ዋሂል ወይም ወደ ቢዮ አዋሌ ገጠር የሚሄድ ክትባት በበረዶ ሣጥን ካልተያዘ ዋጋ የለውም።

አንዱ ብልቃጥ የ10 ሰው ነበር። ከተከፈተ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣል ነበር። ባልና ሚስት አያትን ይዘው ቢመጡ ሦስት ናቸው። ነርሷ «ሰባት ሰው እስኪመጣ ጠብቁ» ትል ነበር። ከብቱን ሜዳ ትቶ ለመጣ ሰው ይህ ያናድዳል፤ እውነት ነው። ግን ነርሷ ስለናቀቻችሁ አይደለም። ለሦስት ሰው ብትከፍተው የሰባት ሰው መድኃኒት ይደፋ ነበር።

የልጆች የኩፍኝ ክትባትም ከተከፈተ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። ጎረቤት ተጠራርታችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ አንድ ላይ ብትሄዱ ብልቃጡ ቶሎ ይከፈትላችኋል።