ጀበና፦ ከአፈር እስከ አቦል

ጎንደር ውስጥ ቡና ሲጠጣ የሚወራው ስለ ቡናው ነው። የየት አገር ነው? አቆላሉስ እንዴት ነው? አወቃቀጡስ? ጀበናዋን ግን ካልተሰበረች በቀር የሚያነሳት የለም። የዛሬው ትውውቃችን ከእሷ ጋር ነው።

የጀበና ሆዷ ክብ፣ አንገቷ ጠባብና ረዘም ያለ ነው። መቀመጫዋም ክብ ስለሆነ ከእሳት ስትወርድ ማቶት ላይ ታርፋለች። ይህ ቅርጽ ለውበት ብቻ የወጣ አይደለም። ውሃው ሲንተከተክ የተወቀጠው ቡና ይጨመራል፤ ወዲያው አረፋው አንገቷን ይዞ ሽቅብ ይመጣል። ባለሙያዋ ሊገነፍል ሲል ጥቂት በሲኒ ቀድታ ታበርደውና መልሳ ትጨምረዋለች። ከዚያ ጀበናዋ ማቶቷ ላይ ዘንበል ብላ ትሰክናለች፤ አተላው ወደ ሆዷ ይወርዳል። የሰከነ አቦል ጥቁርና ጥርት ያለ ነው፤ ተቻኩለው የቀዱት ግን ምላስ ላይ ይሻክራል። ሆዷ የያዘው አተላም አይባክንም፤ ውሃ እየተጨመረበት ቶናውና በረካው ይወጣሉ።

የደጋው አየርም ያግዛታል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደባርቅ ላይ ደግሞ ወደ 91 ዝቅ ይላል። የዘመኑ የቡና ባለሙያዎች ለጥሩ ቡና የሚመክሩት ሙቀት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ነው። እነሱ በቴርሞሜትር የሚፈልጉትን ሙቀት የጎንደር እናቶች ከከሰል ማንደጃቸው ላይ ያገኙታል።

ጀበናዋን የሚሠሯት ሴቶች ናቸው፤ የሚሽከረከር መሣሪያ የላቸውም። አፈሩ ተፈጭቶ፣ ተነፍቶና ተቦክቶ በእጅ ይገነባል። መጀመሪያ ሆዷ፣ ቀጥሎ አንገቷ፣ መጨረሻ እጀታዋ ይወጣል። ጠፈፍ ስትል በለስላሳ ድንጋይ ትታሻለች፤ በደንብ ከደረቀች በኋላ በእንጨትና በኩበት እሳት ትተኮሳለች። እርጥበት የቀረባት እሳቱ ውስጥ ፈንድታ የብዙ ቀን ድካም ገል ሆኖ ይቀራል።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲኬድ ከከተማው ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃ በዚህ ሙያ ስሟ የታወቀ ነው። በዚያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ርስት ስለተነፈጉ ወንዶቹ ብረት ሲቀጠቅጡ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። አገሩ ሁሉ በእነሱ እጅ ሥራ እያበሰለና እያፈላ «ቡዳ» እያለ ይሸሻቸው ነበር፤ ይህ ታላቅ በደል ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ብቻ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄዱ። የሸክላ ሥራው ግን ከወለቃ አልጠፋም፤ የቀሩት ነዋሪዎች ይዘውት ቀጥለዋል።

ጀበና ስትገዙ በጣታችሁ መታ መታ አድርጓት። ደህና የተተኮሰች ጥርት ያለ ድምፅ ትሰጣለች፤ የተሰነጠቀች ድምፅዋ የታፈነ ነው። አዲሷን ጀበና ሳታሟሹ እንግዳ አትጋብዙባት። የቡና አተላና ውሃ ጨምራችሁ ደጋግማችሁ አፍሉባትና ድፉት፤ የአፈሩ ጠረን ይለቃታል፣ ረቂቅ ቀዳዳዎቿም ይደፈናሉ። በሳሙና አትጠቧት፤ ሸክላው ሳሙናውን ይጠጣና ለቀጣዩ አቦል ያቀብለዋል። ባዶዋንም እሳት ላይ አትጣዷት፤ ትሰነጠቃለች።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ ዋጋዋ አስቡ። ለአንድ ኪሎ ቡና ሳንከራከር እየከፈልን ዓመታት ለምታገለግል ጀበና መጨቃጨቅ ደግ አይደለም። ሸክላ ሠሪዋ ከሌለች አቦልም ቶናም በረካም የለም። ከእጇ ግዙ፣ የሚገባትን ክፈሏት፤ ቡናው ሲቀዳም ከመራቂው ቀጥሎ ስሟን አንሱላት።