ተጨማሪ መረጃ፦ የጳጳሱ መንበር የከተማ ነበር ወይስ የቤተ መንግሥት?

የመጀመሪያው ጳጳሳችን ፍሬምናጦስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያው አትናቴዎስ ተሹሞ ወደ አክሱም ተመለሰ። የሮሙ ቄሣር ቆስጠንጢዮስም በ356 እ.ኤ.አ. ገደማ ጳጳሱን እንዲልኩለት ለአክሱም ገዥዎች ለኢዛናና ለሳይዛና ጽፏል። ከዚህ ተነሥቶ መንበሩ የአክሱም ነው ማለት ይቀልላል፤ የኋላው ታሪክ ግን ጳጳሱን የሚያገኘው ከባለሥልጣን አጠገብ ነው። ለዚህ ከደባርቅ ወዲያ ያለችው የስሜኗ ደረስጌ ጥሩ ማስረጃ ናት። አቡነ ሰላማ ሣልሳዊ በ1834 ዓ.ም. ከግብፅ የመጡት በስሜኑ ገዥ በደጃዝማች ውቤ ጥረት ነበር፤ ውቤም ሊነግሡባት ደረስጌ ማርያምን አሠሩ። ይሁን እንጂ ደጃዝማች ካሳ በየካቲት 1847 ዓ.ም. እዚያው ደረስጌ ላይ ድል ነሷቸው፤ በሁለተኛው ቀን ውቤ ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጧቸው አቡን እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ።

ደረስጌ መንበረ ጵጵስና አልነበረችም፣ ዘርዓ ያዕቆብን የመሰሉ ነገሥታትም ዘውድ ሊጭኑ አክሱም ይወርዱ ነበር የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን ለአክሱም የቀረላት ክብሩ ነው። በጎንደር ዘመን አቡኑ የሚኖሩት ጎንደር፣ አቡን ቤት በተባለው ሰፈር ነበር። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ አቡነ ባስልዮስም በ1943 ዓ.ም. ሲሾሙ መቀመጫቸው አዲስ አበባ ሆነ።