ባሌስትራ መደረብ የመኪናን የመጫን አቅም ያሳድጋልን?

እንጅባራ፦ ከአዊ ብሔረሰብ አሥተዳደር የገጠር ቀበሌዎች ድንችና እህል ወደ እንጅባራና ዳንግላ ገበያ የሚያመላልሱ የጭነት መኪኖች የኋላ ክብደታቸው የሚያርፈው በባሌስትራ ላይ ነው። ብዙ ለመጫን ሲባል በባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ዝርግ ብረት የሚደረብበት ጊዜ አለ።

5 እኩል ብረቶች ባሉት ባሌስትራ ላይ 1 ተመሳሳይ ብረት ቢጨመር ጥንካሬው በ20 በመቶ ገደማ ያድጋል። መኪናው ሲጫን እንደ ቀድሞው አይጎብጥም፤ የፍሬኑ፣ የጎማውና የአክሰሉ አቅም ግን አይጨምርም። ስለዚህ ከልክ በላይ የጫነ መኪና ቁልቁለት ላይ ለመቆም ረጅም ርቀት ይፈልጋል።

የውድድር መኪና ተሸካሚ ሞላዎች እንዲጠነክሩ ማድረግ የሚቻለው የሚሮጥበት አስፋልት ለስላሳ ስለኾነ ነው። በኮረኮንች መንገድ ግን የጠነከረ ባሌስትራ ባዶውን መኪና ያዘልለዋል፤ ጎማው መሬት በለቀቀ ቁጥር ፍሬንም መሪም አይታዘዙም።

ከመደረብ በፊት ነባሩን መፈተሽ ይቀድማል። ዘይት የሚያንጠባጥብ ሾክ አብዞርበር፣ የተሰነጠቀ ባሌስትራ፣ የላላ የማሰሪያ ብሎን እና ወጣ ገባ ኾኖ የተበላ ጎማ ፈጥኖ ጥገና ያሻቸዋል። የጭነቱ ልክ የሚታወቀውም በተደረበው ብረት ሳይኾን በሊብሬው ላይ በሰፈረው መጠን ነው።