አሮጌ ስፒከር ለሰቆጣ ገበያ

ከአዲስ አበባ አሮጌ የሃይፋይ ስፒከር ገዝቶና አድሶ ሰቆጣ ለመሸጥ ያሰበ ነጋዴ፣ ሣጥኑን ከመጫኑ በፊት ሆዱን ያስፈትሽ። ከዋግ ኽምራ ለአንድ መለዋወጫ መመለስ ትርፉን ይበላዋል።

ደላላው «ኦሪጅናል ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ የበሰበሰው ስፖንጅም ኦሪጅናል ነው! በ1970ዎቹና በ80ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተሠሩ ብዙ ስፒከሮች የዉፈሩን ወረቀት ዙሪያውን የያዘው ስፖንጅ፣ ዕቃው ሳይሠራ ቢቀመጥም በዕድሜ ይፈረፈራል። ስፖንጁን ብቻ መለወጥ ይቻላል።

የትዊተሩ ኮንደንሰርም ሲያረጅ ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል። በፕላስቲክ ፊልም ኮንደንሰር ቢተካ ረጅም ዕድሜ ያገለግላል፤ ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ ከቀድሞው ያላነሰ ይሁን። ፕላስና ማይነስ ያለው ተራ ኮንደንሰር ግን አይሆንም።

የዉፈሩ ወረቀት በእጅ ቀስ ተብሎ ሲገፋ የመፋተግ ድምፅ ካሰማ፣ ማግኔቱ ውስጥ ያለው ጥቅልል ሽቦ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው ካልወረደ አይግዙ።